አሮጌ የጀርመን የቤት መኪና፦ እንዴት ይገዛል? እንዴትስ ይያዛል?

ሌሊት ዝናብ ሲጀምር አሮጌ የቤት መኪና ያለው ሰው ይነቃል። ጆሮውን አቁሞ ያዳምጣል። "ጠብ" የሚል ድምፅ ከውስጥ ከተሰማው እንቅልፍ የለም።

የማወራው ጀርመኖች ቮንሞቢል ስለሚሉት መኪና ነው። አልጋው፣ ምድጃው፣ ማቀዝቀዣው፣ ሽንት ቤቱ ሁሉ አብሮት ይጓዛል። በተለይ ከ1970ዎቹ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ (በፈረንጅ አቆጣጠር) የተሠሩት ትልልቆቹ አንዴ ልብ ከሰረቁ መመለሻ የለም። የምኖረው እዚያው ጀርመን ነው። አሁን የያዝኩት የ1987 ሃይመርሞቢል ሁለተኛዬ ነው። የመጀመሪያው በብርድም ቢሆን በአንድ ቁልፍ ይነሳ ነበር። ያየው ሁሉ ሞተሩን ያደንቅልኝ ነበር። ግድግዳው ግን ከውስጥ በስብሶ ኖሮ በሁለት ዓመቱ ለመለዋወጫ ሸጥኩት። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ?

ስለዚህ አካሄዴ ቀላል ነው። የምትገዙት ጎማ ያለው ቤት ነው። ቤት ሲገዛ ደግሞ መጀመሪያ የሚታየው ጣራው ነው።

1. ዓይነቱን ለዩ

ትልልቆቹ በብዛት የተሠሩት በመርሴዲስ ሻንሲ ላይ ነው። ሁለት ቤተሰብ ብታውቁ ይበቃችኋል። አንደኛው ጀርመኖች "ዱዶ" የሚሉት ግዙፉ ነው። ስሙን ያገኘው ከተሠራበት ከተማ ከዱሰልዶርፍ ነው፤ ከ1967 እስከ 1986 ተሠርቷል። ሁለተኛው ቲ1 ይባላል። በ1977 ብሬመን ውስጥ ተጀምሮ እስከ 1995 ቆይቷል።

ከኋላ የተለጠፈውን ቁጥር ማንበብ ልመዱ። 608 ዲ ሲል፣ 6ቱ ጠቅላላ ክብደቱን በቶን በግምት ይነግራችኋል። 08ቱን በ10 አባዙት፤ ወደ 80 የፈረስ ጉልበት ማለት ነው። ዲ ያው ዲዝል ነው። 207፣ 310፣ 410 የሚሉትም የሚነበቡት እንደዚሁ ነው። ባለ 207ቱ ላይ ትልቅ ቤት ተጭኖ ካያችሁ ለሞተሩ እዘኑለት።

ሻንሲው የመርሴዲስ ይሁን እንጂ ቤቱን የሚሠራው ሌላ ነው። ስመ ጥሩ ሃይመር ነው፤ በደቡብ ጀርመን ባድ ቫልድዜ በምትባል ትንሽ ከተማ። ኤርቪን ሃይመር በ1957 ኤሪክ ባኸም ከሚባል መሐንዲስ ጋር የመጀመሪያውን ተጎታች ቤት ሠራ። ይህ ባኸም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሮኬት ሽቅብ የሚወነጨፍ አውሮፕላን የነደፈ ሰው ነው። ከሮኬት ወደ ሽርሽር ቤት! ሃይመርሞቢሎቹ የመጡት በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። የሚታወቁበት ነገር ከሾፌሩ ራስ በላይ ተሰቅሎ ማታ ማታ የሚወርደው አልጋ ነው።

ቅንጦት ለሚወድ የኒስማን ኡንድ ቢሾፍ ኩባንያ ክሉ የሚባል ሞዴል አለ። ጠበብ ያለ ለሚፈልግ ደግሞ ቬስትፋሊያ የሚባለው ኩባንያ በቲ1 ላይ የሠራው ጄምስ ኩክ፣ ወይም በፎልክስቫገን ኤልቲ ላይ የሠራው ስቬን ሄዲን። ሁለቱም ስሞች የአሳሾች ናቸው። አዲስ አበባ ላይ የምናውቃት ቮልስ ግዙፍ ዘመድ ነው ኤልቲው። የኤልቲው ባለ 6 ሲሊንደር ዲዝል ቫልቮቹን የሚያሠራው በጎማ ቀበቶ ነው። የተቀየረበትን ደረሰኝ ሻጩ ካላሳያችሁ እንዳልተቀየረ ቁጠሩት። የቲ1 የመርሴዲስ ዲዝሎች ግን ሰንሰለት ነው ያላቸው።

2. መንጃ ፈቃዳችሁን ከክብደቱ ጋር አመሳክሩ

በጀርመን የቢ መንጃ ፈቃድ የሚያስነዳው እስከ 3.5 ቶን ነው። ከዚያ በላይ እስከ 7.5 ቶን ሲ1 ያስፈልጋል። ከ1999 በፊት የድሮውን 3ኛ ክፍል ያወጡ ጀርመኖች እስከ 7.5 ቶን ዝም ብለው ይነዳሉ፤ እንቀናባቸዋለን። ከአገር ቤት ይዘን የመጣነው መንጃ ፈቃድ እዚህ መኖር ከጀመርን ከ6 ወር በኋላ አይሠራም። የጽሑፉንም የመንዳቱንም ፈተና እንደ አዲስ መውሰድ ነው።

ሊብሬው ላይ 3.5 ቶን ቢልም አትዘናጉ። 100 ሊትር ውኃ 100 ኪሎ ነው። ሰው፣ ጋዝ፣ ብስክሌት፣ የእማማ በርበሬና ሽሮ ሲጨመርበት በቀላሉ ያልፋል። ከመግዛታችሁ በፊት የጭነት መኪና ሚዛን ላይ አስወጡት።

3. ዝናብ በዘነበ ማግስት ሂዱና እዩ

ዋናው ደረጃ ይህ ነው፤ አትቸኩሉ። ፀሐይ በወጣበት ቀን የቀጠራችሁ ሻጭ ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል። እናንተ ግን ሁለት ሦስት ቀን ከዘነበ በኋላ ሂዱ።

የእነዚህ መኪኖች ግድግዳ እንደ ሳንድዊች ነው። ከውጭ ስስ አሉሚኒየም፣ መሃል ላይ ፎም፣ ከውስጥ ኮምፔርሳቶ። በብዙዎቹ ውስጥ ይህን ሁሉ የያዘው የእንጨት ማገር ነው። ውኃ በአንዲት የላላች ብሎን ቀዳዳ ይገባል፤ ፎሙ መሃል ገብቶ መውጫ ያጣል፤ ማገሩን ዓመታት ወስዶ ይበላዋል። ከውጭ ምንም አይታይም። ሃይመር በኋላ ያመጣው አሠራር የእንጨት ማገሩን ስላስቀረው ከሌሎቹ ይሻላል። ወለሉ ግን እሱም ጋ እንጨት ነው።

በሩ እንደተከፈተ መጀመሪያ አሽትቱ። የሻጋታ ሽታ አይደበቅም። ጠንከር ያለ የሽቶ ሽታ ከተቀበላችሁ ደግሞ "ለምን?" በሉ። የእኔ የመጀመሪያ መኪና የሎሚ ሽታ ነበረው። ንጽሕና መስሎኝ ደስ አለኝ፣ ሞኝ!

ከዚያ ቁም ሳጥኖቹን ሁሉ ክፈቱ። ሰው የሚያሳምረው የሚታየውን ግድግዳ ነው፤ የቁም ሳጥን ውስጥ ጥግ ማንም አያስታውሰውም። በአውራ ጣታችሁ ጫን ጫን አድርጉ። ግድግዳው እንደ እንጀራ ከላላ ነገሩ አብቅቷል። እጃችሁ መድረስ ያለበት ጣራ ላይ ባሉት መስኮቶች ዙሪያ፣ በመስኮት ሥር፣ የኋላው ግድግዳ ከወለሉ በሚገናኝበት ጥግ፣ ከሾፌሩ በላይ የተንጠለጠለ መኝታ ካለውም የእሱ የፊት ጠርዝ ነው። ፍራሹን አንሱና ሥሩን እዩ። አንድ ግድግዳ ላይ ብቻ አዲስ ወረቀት ተለጥፎ ካገኛችሁ ጠይቁ።

ሁለት መርፌ ያለው የእርጥበት መለኪያ በየሕንፃ ዕቃ መደብሩ በርካሽ ይሸጣል። አንድ ግዙ። ዋናው ቁጥሩ አይደለም፤ ደረቅ መሆኑን የምታውቁትን ቦታ ለኩና ከጥጉ ጋር አወዳድሩት። ሻጩ ቅር ካለው ቅር ይበለው። በመጨረሻ መሰላል ለምናችሁ ጣራውን ከላይ እዩ። በነጭ ሲሊኮን የተለቀለቀ ጣራ ችግር እንደነበረ ይናገራል፣ መፍትሔ እንዳገኘ ግን አይናገርም።

4. ሥሩ ግቡ፣ ከዚያ ሞተሩን አስነሱ

ቲ1 ዝገት ይወዳል። የበሮቹ ታችኛ ጠርዝ፣ የጎማ ጉድጓዶቹ፣ የፊት መስታወቱ ዙሪያና ባሌስትራው ከሻንሲው የሚያያዝበት ቦታ ላይ አተኩሩ። የበር ዝገት ብየዳ ነው፣ ያልፋል። የባሌስትራው መያዣ ከበሰበሰ ግን ሌላ መኪና ፈልጉ።

ሞተሩን አስቀድሞ ያላሞቀ ሻጭ ይመረጣል። ስትደርሱ ኮፈኑን በእጃችሁ ንኩ፤ ቀዝቃዛ መሆን አለበት። የድሮዎቹ ዲዝሎች ከመነሳታቸው በፊት ማሞቂያ ካንዴላዎቹ እስኪግሉ ትንሽ ይጠብቃሉ፤ ያ ጤና ነው። የኔው ባለ 5 ሲሊንደር 3 ሊትር ዲዝል 88 የፈረስ ጉልበት አለው። ከዚያው ዘመን መርሴዲስ ታክሲ ጋር የአንድ ቤተሰብ ሞተር ስለሆነ መካኒክ አይቸገርበትም። የቫልቮቹ ክፍተት ግን በየጊዜው በእጅ መስተካከል አለበት። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የመጡት ይህ ጣጣ የለባቸውም።

ጎማው ጎን ላይ ያለችውን ባለ 4 አሐዝ ቁጥር አንብቡ። 2316 ካለ በ2016 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ አዲስ ይመስላል፣ ጎማው ግን አርጅቷል። የቤት መኪና ጎማ የሚሞተው ቆሞ ነው።

5. የኤች ታርጋ አውጡ፣ ከዚያም ጠብቁት

ጀርመን ውስጥ 30 ዓመት የሞላው መኪና በቀድሞ ይዞታው ካለ መጨረሻው ላይ ኤች ፊደል ያለበት ታርጋ ይሰጠዋል። ግብሩ ለትንሹም ለትልቁም በዓመት 191.73 ዩሮ ነው። ለከባድ አሮጌ ዲዝል ይህ ስጦታ ነው። በዚያ ላይ የጭስ ተለጣፊ የሚጠይቁ የከተማ ክልሎች ውስጥ ያለ ተለጣፊ ያስገባል።

ታርጋው የሚሰጠው ባለሙያ መርምሮ ሲመሰክር ነው፤ የሚያየውም ሻንሲውን ብቻ አይደለም። ቤቱም የዘመኑን መልክ መያዝ አለበት። አንድ ወዳጄ ቡናማውን ቁም ሳጥን ነቅሎ ሁሉንም ነጭ አደረገው። ፎቶው ያምራል። ባለሙያው ግን "ይሄ የዛሬ ኩሽና ነው" ብሎ መለሰው። ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። እኔ ብርቱካናማ መስመሩንም፣ የሴት አያት ሳሎን የሚመስለውን ቡናማ መጋረጃም ወድጄዋለሁ። ካልወደዳችሁት አዲስ መኪና ግዙ።

ቦሎውን በተመለከተ፣ እስከ 3.5 ቶን ያለው በየ2 ዓመቱ፣ ከዚያ የሚከብደው አሮጌ በየዓመቱ ይመረመራል።

6. ጋዙን በባለሙያ አስመርምሩ

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። የጋዙ መስመር በየ2 ዓመቱ ጂ 607 የሚባለውን ምርመራ ማለፍ አለበት። የጎማ ቱቦውና ረጉሌተሩ በ10 ዓመት ይቀየራሉ፤ የተሠሩበት ዓመት ተጽፎባቸዋል። ጀበና ስትጥዱ የጣራ መስኮት ክፈቱ።

ማቀዝቀዣው በጋዝ፣ በ12 ቮልት ወይም በ230 ቮልት ይሠራል። መኪናው ዘንበል ብሎ ከቆመ ግን አያቀዘቅዝም፤ ውስጡ ያለው ፈሳሽ የሚዞረው በራሱ ክብደት ወደ ታች እየወረደ ነው። ብዙ ሰው ተበላሸ ብሎ የሚጥለው ጎማ ሥር ሳንቃ አስገብቶ ሳይሞክር ነው።

7. በዓመት ሁለት ጊዜ ማሸጊያውን እዩ

በጸደይና በመከር መሰላል አውጡና ጣራ ላይ ያሉትን መጋጠሚያዎች አንድ በአንድ ፈትሹ። የተሰነጠቀ ካለ ላዩ ላይ አትቀቡበት። መሸፈኛ ብረቱን ንቀሉ፣ አሮጌውን ማስቲሽ ሙልጭ አድርጋችሁ ፋቁ፣ ቡቲል የሚባለውን ማስቲሽ አስገብታችሁ በማይዝግ ብሎን መልሱት። ሲሊኮን አትንኩ። ሲሊኮን የነካው ቦታ ከዚያ በኋላ ሌላ ማስቲሽ አይቀበልም። እንጨቱ እርጥብ ሆኖ ካገኛችሁት ሳይደርቅ አትዝጉት። ሳምንታት ይፈጃል፤ ይፍጅ።

የፕላስቲክ መስኮቶቹን በውኃና በሳሙና ብቻ እጠቡ። አልኮል ያለበት ማጽጃ ያሰነጣጥቃቸዋል፤ ለአሮጌ ሞዴል ደግሞ ልኩን ማግኘት ፈተና ነው።

8. በራሱ ፍጥነት ንዱት

80 ይበቃዋል። በኤ7 አውራ ጎዳና ካስል አጠገብ ያሉትን ዳገቶች በ3ኛ ማርሽ ስንወጣ ባለተሳቢዎች ሁሉ ያልፉናል። መጀመሪያ አፍር ነበር፤ አሁን ብስኩት እበላለሁ። ቁልቁለት ላይ ግን ፍሬን ላይ አትተኙ፤ በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ። የመኪናውን ቁመት በትልቁ ጽፋችሁ መሪው አጠገብ ለጥፉ። ዝቅ ያለ ድልድይ የሚያስታውሳችሁ አይኖርም።

በደቡብ ጀርመን በኩል ካለፋችሁ ባድ ቫልድዜ ያለውን የኤርቪን ሃይመር ሙዚየም ጎብኙ። የተከፈተው በ2011 ነው። የእናንተን መኪና ታላላቆች አንድ ላይ ታዩአቸዋላችሁ፣ ጠረናቸው ሳይቀር።

9. ለብርዱ አዘጋጁት

ውኃውን ከታንከሩም፣ ከማሞቂያውም፣ ከቧንቧውም አፍስሱ። ቧንቧዎቹን ክፍት ተዉአቸው። ባትሪውን አውጡ፣ ፍራሾቹን አቁሙ፣ የቁም ሳጥን በሮቹን ሁሉ ከፍታችሁ ተዉ፤ አየር ይዙር። ከዚያ ቆልፉና ቤታችሁ ግቡ። ሌሊት ከዘነበ በማግስቱ ቁልፉን ይዛችሁ ሂዱ፤ ጥግ ጥጉን ዳስሱ።