ያረጁ የአውሮፓ የኤሌክትሪክ መጫወቻ ባቡሮችን መሰብሰብና መፈተሽ

አንድ ያረጀ የኤሌክትሪክ መጫወቻ ባቡር እጅ ሲገባ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው በመጨረሻ ነው። ለዓመታት በሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ሞተር የሚቃጠለው፣ ባለቤቱም ለአደጋ የሚጋለጠው፣ በአብዛኛው ባቡሩ ሳይመረመር ኤሌክትሪክ ሲሰጠው ነው።

አስቀድሞ የባቡሩ ዓይነት ይለይ። የጀርመኑ የመጫወቻ አምራች ሜርክሊን እ.ኤ.አ. በ1891 በላይፕሲግ የንግድ ትርዒት የሐዲድ ስፋቶችን በቁጥር ለይቶ አቅርቧል። ዛሬ በሁለቱ ሐዲዶች የውስጥ ጠርዝ መካከል ሲለካ መጠን 1 የሚባለው 45 ሚሊ ሜትር፣ መጠን 0 ደግሞ 32 ሚሊ ሜትር ነው፤ በ1930ዎቹ አጋማሽ የመጣው ትንሹ መጠን 16.5 ሚሊ ሜትር ነው። ስፋቱ ግን የሚፈልገውን የኤሌክትሪክ ዓይነት አይነግርም። በ1935 የወጣው ትንሹ ሜርክሊንና በ1938 የወጣው የእንግሊዙ ሆርንቢ ደብሎ ሁለቱም መካከለኛ ሦስተኛ ሐዲድ ሲኖራቸው፣ የመጀመሪያው የሚሠራው በተለዋዋጭ ጅረት፣ ሁለተኛው ግን በ12 ቮልት ቀጥተኛ ጅረት ነው። ቋሚ ማግኔት ያለው የደብሎ ሞተር ተለዋዋጭ ጅረት ቢሰጠው አይዞርም፤ እየነዘረ ይግላል፣ ማግኔቱም ሊዳከም ይችላል።

ከዚህ የባሰም አለ። በ1920ዎቹ እና ከዚያ በፊት ከተሠሩት አንዳንዶቹ፣ የሜርክሊንም ጭምር፣ ከቤት መስመር በአምፖል በኩል በቀጥታ ኃይል ያገኙ ስለነበር ሐዲዳቸው ራሱ ሰው ሊገድል የሚችል ቮልቴጅ ይሸከም ነበር። እነዚህ በቀድሞ አሠራራቸው ፈጽሞ መነዳት የለባቸውም። የብረት ሣጥንና በጨርቅ የተሸፈነ ሽቦ ያላቸው ጥንታዊ ትራንስፎርመሮችም ለስብስቡ ይቀመጡ እንጂ ሶኬት ላይ አይሰኩ።

ቀጥሎ የብረቱ ጤንነት ይታይ። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል በሻጋታ ቀልጠው የተሠሩ የዚንክ ክፍሎች፣ በተለይ ጎማዎችና የሞተር አቃፊዎች፣ እርሳስን በመሰለ ባዕድ ነገር ተበክለው ከሆነ ከውስጥ እየተበሉ ያብጣሉ፣ ይሰነጠቃሉ፣ በመጨረሻም ይፈረፈራሉ። መድኃኒት የለውም፤ እርጥበት ደግሞ ያፋጥነዋል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት ጎማዎቹ ክብ መሆናቸውን፣ አቃፊው አለመጣመሙን፣ ከቀለሙ ሥር እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አለመኖሩን ወደ ብርሃን አቅርቦ በአጉሊ መነጽር ማየት ያስፈልጋል። ሻጩ «ይሠራል» ማለቱ ይህን ምርመራ አይተካም።

ብረቱ ደህና ከሆነ ሞተሩን በእጅ ማዞር ይቻላል። ካልዞረ አይገደድ፤ የደረቀውን ቅባት በአይሶፕሮፒል አልኮል ማለስለስ ይበቃል፤ አልኮሉ ግን የቆየ ቀለምን ሊያነሳ ስለሚችል ከሞተሩ ውጭ አይፍሰስ። ኮሙቴተሩ፣ ማለትም ከሞተሩ ጋር የሚዞረው የመዳብ ክፍል፣ በአልኮል በራሰ ጨርቅ ይጽዳ፣ እሱን እየነኩ ኤሌክትሪክ የሚያደርሱት ካርቦኖች ካለቁ ይቀየሩ፣ በመጨረሻም በየመዞሪያው አንዲት ጠብታ ቀጭን ዘይት ትጨመር። ከዚያ በመልቲሜትር በመሐል ሐዲዱ ኃይል መቀበያና በጎማዎቹ መካከል ያለው ተቃውሞ ይለካ፤ ከዜሮ ብዙም ካልራቀ ሾርት አለ፣ ምንም ካላሳየ ሽቦ ተቆርጧል ወይም ካርቦኑ አልነካም።

ኃይል የሚሰጠው ከዚህ በኋላ ነው፤ ያውም ቮልቴጁ ቀስ በቀስ ከሚጨመርለት ዘመናዊና አስተማማኝ ምንጭ። በመስመሩ ላይ 12 ቮልት 21 ዋት የሆነ ባለ ክር የመኪና አምፖል በተከታታይ ማስገባትን አጥብቄ እመክራለሁ፣ ምክንያቱም ስሕተት ቢኖር በ12 ቮልት ጅረቱን ከሁለት አምፔር በታች ይገድበዋል፤ አምፖሉ በደማቁ በርቶ ባቡሩ ካልተንቀሳቀሰ ወዲያው ማቋረጥ ያስፈልጋል። ያለ ፉርጎ ለጥቂት ደቂቃ ሮጦ ሞተሩ ለብ ቢል ችግር የለውም፤ እጅ የሚያቃጥል ሙቀትና የተቃጠለ ሽታ ግን ሞተሩ እንደገና እንዲፈታ ያስገድዳሉ። የቆየው ሜርክሊን አቅጣጫ የሚቀይረው ከፍ ባለ የ24 ቮልት ምት ስለሆነ ቁልፉ ለቅጽበት ብቻ ይነካ።

ዋጋን በተመለከተ፣ ቀለሙ ያልተነካ ነገር ግን የማይሄድ ሎኮሞቲቭ፣ እንደ አዲስ ተቀብቶ ከሚሮጠው ይበልጣል ብዬ አምናለሁ፤ የሞተር ጥገና ሊመለስ ይችላል፣ የጠፋ የመጀመሪያ ቀለም ግን አይመለስም። የቀድሞው ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል ከነካካን በኋላ እጅ ይታጠብ፣ ለሕፃናትም አይሰጥ። ስብስቡ በደረቅና ሙቀቱ በማይዋዥቅ ክፍል ውስጥ ይቀመጥ፤ የተለካው ተቃውሞ፣ የተቀየረው ክፍልና የሮጠበት ቮልቴጅም በካርድ ተጽፎ ከየሎኮሞቲቩ ጋር ይኑር።