ውጭ ሆነው የአዲስ አበባ ቤትዎን የጨው መዋኛ ገንዳ መከታተል፦ የክሎሪን ማመንጫው ሴል ስንት ዓመት ያገለግላል?

ቦሌ ወይም ኡራኤል አካባቢ የሚያከራዩት ቤት በጨው ክሎሪን የሚያመነጭ ገንዳ ካለው፣ መጀመሪያ የሚያልቀው ዕቃ ሴሉ፣ ማለትም የጨው ውሃው ሲያልፍበት በኤሌክትሪክ ክሎሪን የሚያመነጨው ክፍል ነው። ውስጡ ያሉት የቲታኒየም ሳህኖች በሩቴኒየም ወይም በኢሪዲየም የተለበጡ ናቸው። ልባጡ ካለቀ መቀየር እንጂ መጠገን የለም።

ዕድሜውን በሰዓት ይቁጠሩት። አንድ ሴል 10,000 ሰዓት ያህል ይሠራል ቢባል፣ በቀን 8 ሰዓት ካመነጨ ሦስት ዓመት ተኩል ገደማ፣ 5 ሰዓት ካመነጨ አምስት ዓመት ተኩል ያገለግላል። ብርድ አገር ገንዳው ለወራት ስለሚዘጋ ሴሉ ያርፋል፤ አዲስ አበባ ላይ ግን ዓመቱን ሙሉ ይሠራል። ቤቱ ተከራይ በሌለበት ሳምንት የማመንጫ መጠኑን ዝቅ ያስደርጉ።

ጨው ብዙ ጊዜ በሊትር ከ3 እስከ 4 ግራም ነው። ለ60,000 ሊትር ገንዳ በ3.5 ግራም ሂሳብ 210 ኪሎ ይሆናል። ጨው ከውሃው ጋር አይተንም፤ በክረምት ዝናብ ገንዳው ሞልቶ ሲፈስ ወይም ፊልተር ሲታጠብ ነው የሚቀንሰው። በበጋ ጠባቂው በየወሩ «ጨው አለቀ» ካለዎት ገንዳው ያፈስ እንደሆነ ያስፈትሹ። ጨው ተጨምሮም ስክሪኑ «ዝቅተኛ» ማለቱን ካላቆመ፣ ሌላ ኩንታል ከመግዛት በፊት ውሃው በተለየ የጨው መለኪያ ይታይ። ያረጀ ሴል፣ ቅርፊት የያዘ ሳህንና የቀዘቀዘ ውሃ ሁሉም የተሳሳተ ቁጥር ያሳያሉ። የሚጨመረው ጨው ነጭ፣ ከአፈር የጸዳና አዮዲን የሌለበት ይሁን፤ እስኪሟሟ ድረስ 24 ሰዓት ፓምፑ ይሥራ፣ ሴሉ ግን ይጥፋ።

የጨው ገንዳ ፒኤች (የውሃው የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲጨምር አሲድነቱ ይቀንሳል) በራሱ ይጨምራል። ከ7.2 እስከ 7.6 ካልተያዘ ሳህኖቹ ላይ ነጭ ቅርፊት ይጋገራል፤ በቦቴ የመጣ የጉድጓድ ውሃ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ማጽጃው እንዲህ ነው፦ ብሬከሩ ይጥፋ፣ ሴሉ ይፈታ፣ በፕላስቲክ ባልዲ 10 እጅ ውሃ ላይ 1 እጅ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይጨመር (ውሃ አሲድ ላይ አይጨመርም)፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ተነክሮ በንጹሕ ውሃ ይታጠብ። ጓንትና መነጽር ግድ ነው፣ ሥራውም ደጅ ይሁን። በቢላ ወይም በብረት መፋቅ ልባጡን ይገፍፋል። ቅርፊት ሳይኖር «ለጥንቃቄ» በየወሩ አሲድ ውስጥ መንከርም ያው ጉዳት ነው፤ ብዙ ሴል ያለ ጊዜው የሚሞተው በዚህ ነው። ስለዚህ ጠባቂው መጀመሪያ የሳህኖቹን ፎቶ በቴሌግራም ይላክልዎ፣ ይታጠብ አይታጠብ የሚለውን እርስዎ ይወስኑ። በየቅዳሜውም የስክሪኑንና የፒኤች መመርመሪያውን ፎቶ ያስልኩ።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ባትሪ የሌለው ታይመር ወደ ኋላ ይቀራል፤ ፓምፑ ሌሊት ሲሠራ ቢያገኙት አይግረምዎ። ጠባቂው ሲያስተካክለው ጠዋት 2 ሰዓት ታይመሩ ላይ 08:00 መሆኑን በግልጽ ይንገሩት፤ 02:00 ብሎ የሚሞላ ብዙ ነው። የኤሌክትሪክ መዋዠቅ የመቆጣጠሪያ ሳጥኑን ካርድ ስለሚያቃጥል ከፊቱ የቮልቴጅ መከላከያ ያስገጥሙ።

አዲስ ሴል ከውጭ ከመላክዎ በፊት በሴሉና በሳጥኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ሁለቱም ፎቶ ይነሱ። ሴል የሚገጥመው ከራሱ ሳጥን ጋር ነው። ሳጥኑንም ጭምር የሚልኩ ከሆነ በ220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ የሚሠራ መሆኑን ያረጋግጡ።