ዩዘርላንድ ወደ አዲስ ፕሮሰሰር ሲሻገር ኤቢአይ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

አዳማ ውስጥ አርም ወይም ሪስክ-ፋይቭ ፕሮሰሰር ያለው ቦርድ ገዝተው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ለማስነሳት ከሚታገሉ ልጆች ጋር ስንገናኝ ወሬው ሁሌ ስለ ከርነል፣ ስለ ሲስተሙ እምብርት ነው። ከርነሉ ተነሳ፣ ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ ወጣ፣ ተጨበጨበ። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሼሉን፣ የሲ ላይብረሪውን፣ ፋይል የሚዘረዝሩና የሚቀዱ ትንንሽ ፕሮግራሞችን፣ ማለትም ዩዘርላንዱን ስታመጡ። ኮዱ ያለ አንዲት ማስጠንቀቂያ ኮምፓይል ይሆናል (ወደ ማሽን ቋንቋ ይቀየራል)፣ ይነሳል፣ ከዚያ የፋይሉን መጠን አሳስቶ ይነግራችኋል።

ጥፋቱ ያለው ኤቢአዩ ላይ ነው፤ ኮምፓይል ካለቀ በኋላ ከርነሉን፣ ላይብረሪውንና ፕሮግራሙን የሚያግባባው ውል። አንድ ቁጥር ስንት ባይት ይይዛል? ስትራክቱ (ቁጥሮች ተደርድረው የሚቀመጡበት ጥቅል) ውስጥ የት ይቀመጣል? በየትኛው ሬጅስተር (የፕሮሰሰሩ ትንሽ ማስቀመጫ) ይተላለፋል? አዲስ ፖርት (ወደ አዲስ ፕሮሰሰር የተሻገረ ሲስተም) እዚህ ላይ ሌላው የሌለው ዕድል አለው፦ የሚሰበርበት አሮጌ ባይነሪ (ኮምፓይል የሆነ ፕሮግራም) የለም። ዕድሉ ግን የመጀመሪያው ፓኬጅ ሰው እጅ እስኪገባ ድረስ ብቻ ነው።

የ386ን ሄደር ፋይል እንዳለ መገልበጥ

ባለ 32 ቢት ቦርድ የያዘ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ይህንን ነው፤ የ386ን (የቀድሞውን ባለ 32 ቢት ኢንቴል) ሄደር፣ ማለትም የቁጥሮቹ ዓይነትና መጠን የተጻፈበትን ፋይል፣ ገልብጦ ስም መቀየር። ባለ 32 ቢቶቹ ኦፍ-ቲ (የፋይል መጠን መያዣው) እና ታይም-ቲም (የሰዓት መያዣው) አብረው ይገባሉ። የመጀመሪያው ፋይልን 2 ጊጋባይት ላይ ይገድባል። ሁለተኛው የባሰ ነው። ከ1970 ጀምሮ ሰከንድ የሚቆጥረው ይህ ቁጥር የሚሞላው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 ነው። በእኛ አቆጣጠር ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ፣ የጥምቀት ዕለት ማለት ነው። ታቦታቱ ገና ከባሕረ ጥምቀቱ ሳይነሱ ቦርዳችሁ ወደ ታኅሣሥ 1894 ዓ.ም.፣ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ይመለሳል።

ይህንን በኋላ ማስተካከል ምን ያህል እንደሚያስከፍል ሌሎች አሳይተዋል (ከዚህ ወዲህ ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን ናቸው)። ኦፕሬቲንግ ሲስተሞቹ ኔትቢኤስዲ በ2012፣ ኦፕንቢኤስዲ በ2014 ታይም-ቲን ወደ 64 ቢት ቀየሩ። ሊኑክስ ለ32 ቢት ፕሮሰሰሮች ዝግጅቱን አሟልቶ ያቀረበው በ2020 በወጣው 5.6 ነው። በሊኑክስ ላይ የተሠራው ዴቢያን የ32 ቢት አርም ፓኬጆቹን ቀይሮ የለቀቀው በ2025 ነው፤ ታይም-ቲ የሚነካቸውን ላይብረሪዎችና በነሱ ላይ የተደገፉትን ሁሉ እንደገና መገንባት ነበረበት። የሊኑክስ ባለ 32 ቢት ሪስክ-ፋይቭ ግን ከመነሻው 64 ቢት ይዞ ስለተወለደ ከዚህ ሁሉ ተገላገለ። እናንተም እንደዚያ አድርጉ፤ የሚያከራክር ነገር የለውም።

ስሙ አንድ ስለሆነ ቁጥሩም አንድ ነው ማለት

ከርነሉ ከአንድ ቤተሰብ፣ ዩዘርላንዱ ከሌላ ሲሆን ይህ ይገጥማችኋል። ዴቢያን የግኑን የሲ ላይብረሪ በፍሪቢኤስዲ ከርነል ላይ አስኪዶ ነበር፤ በ2011 ለሙከራ ወጣ፣ በ2023 ተዘጋ። ሁለቱን ዓለሞች አስተያዩ፦ «አሁን አልተመቸም፣ ቆይተህ ሞክር» የሚለው የስህተት ኮድ በሊኑክስ 11፣ በፍሪቢኤስዲ 35 ነው። የዴድሎኩ (ሥራዎች እርስ በርስ ተጠባብቀው የሚቆሙበት) ኮድ ደግሞ በሊኑክስ 35፣ በፍሪቢኤስዲ 11። ልክ ተገለባብጠዋል። ትንሽ መጠበቅ የነበረበት የኔትወርክ ፕሮግራም ዴድሎክ የገባ መስሎት ይዘጋል። ሲግናል (ለፕሮግራም የሚላክ ማሳወቂያ) 10ም እንዲሁ ነው፤ በሊኑክስ ለፕሮግራሙ የግል መልእክት፣ በፍሪቢኤስዲ የሜሞሪ ስህተት። ፈረንጅ እንግዳን «3 ሰዓት ላይ እንገናኝ» ብሎ እንደመቅጠር ነው፤ ቁጥሩን ሁለታችሁም በትክክል ሰምታችኋል።

የከርነሉን ቁጥሮች በዩዘርላንዱ ሄደር ውስጥ እንዳሉ መቀበል ይሻላል ባይ ነኝ። በመሃል የሚተረጉም ኮድ መጻፍ ያጓጓል፣ ግን አንዲት የተረሳች ቦታ አትጠፋም።

የስትራክት ክፍተት

ባለ 4 ባይት ቁጥር፣ ቀጥሎ ባለ 8 ባይት ቁጥር ያለበት ስትራክት አስቡ። በሊኑክስ 386 ላይ ሁለተኛው 4ኛው ባይት ላይ ይጀምርና ጠቅላላው 12 ባይት ይሆናል። በ64 ቢት ኢንቴልም ሆነ በአርም 8ኛው ላይ ይጀምራል፣ ጠቅላላው 16 ነው። መሃል ላይ ማንም ያልጻፈባቸው 4 ባይቶች ቀሩ። ክፍተቱን ለኮምፓይለር አትተዉት፤ ስም ሰጥታችሁ በግልጽ ጻፉት።

ስም መስጠት ብቻውን ግን አይበቃም። ፕሮግራሙ እዚያ ቦታ ዜሮ ካላስገባ ከርነሉ ጥያቄውን ውድቅ ማድረግ አለበት። አለበለዚያ ሰዎች ቆሻሻ ይልካሉ፣ ከዓመታት በኋላ ቦታውን ለአዲስ ነገር ልጠቀም ስትሉ የነበሩት ፕሮግራሞች ሁሉ ይሰበራሉ። ፋይል የሚከፍተው የሊኑክስ ኦፕን ሲስተም ኮል (ፕሮግራም ከርነሉን የሚጠይቅበት ጥሪ) የማያውቀውን ፍላግ (የአማራጭ ምልክት) ዝም ብሎ ስለሚያልፍ እዚህ ችግር ውስጥ ገብቷል። በ2020 የመጣው ኦፕንአት2 የማያውቀውን ውድቅ ያደርጋል፣ የስትራክቱንም መጠን ከፕሮግራሙ ይቀበላል። ስትራክታችሁ የሚያድግ ከመሰላችሁ ይህንን ቅዱ።

ካር ምልክት አለው ወይስ የለውም?

በኢንቴል ላይ ካር፣ አንድ ባይት የሚይዘው የሲ ቋንቋ ቁጥር፣ ኔጌቲቭ ሊሆን ይችላል፤ በአርም ሊኑክስና በሪስክ-ፋይቭ አይችልም። የእኛን ፊደል የሚነካ ጉዳይ ስለሆነ ቀረብ ብላችሁ እዩት። «ሀ» በዩቲኤፍ-8 (ፊደልን በባይት የመጻፊያ ደንብ) ሦስት ባይት ነው፣ የመጀመሪያው 225። ኢንቴል ላይ ያው ባይት −31 ሆኖ ይነበባል፤ ሠንጠረዥ ውስጥ ፊደል የሚፈልግ ኮድ ከሠንጠረዡ በፊት ያለውን ሜሞሪ ያነባል። በተቃራኒው ደግሞ ላፕቶፕ ላይ አማርኛ ጽሑፍ ጥሩ አድርጎ የሚያነብ ፕሮግራም አርም ቦርድ ላይ የፋይሉ መጨረሻ ደርሶ አልቆም ይላል፤ የመጨረሻውን ምልክት −1ን ካር ውስጥ አስቀምጦ 255 አድርጎታልና። ኮምፓይለሩን በፍላግ ማስገደድ ይቻላል፣ እኔ ግን አልመክርም። የፕሮሰሰሩን የኤቢአይ ሰነድ ተከተሉ፣ ኮዱን አስተካክሉ።

ድንበሩ የት እንደሆነ አለመወሰን

ውሉ የሚጸናው ሲስተም ኮሉ ላይ ነው ወይስ የሲ ላይብረሪው ላይ? ሊኑክስ ሲስተም ኮሉን አይሰብርም። ማክና ኦፕንቢኤስዲ ቃል የሚገቡት በላይብረሪው በኩል ብቻ ነው። በ2016 ማክ ሲየራ ሰዓት የሚጠይቀውን ሲስተም ኮል ሲቀይር በቀጥታ ይጠሩት የነበሩ በጎ ቋንቋ የተጻፉ ፕሮግራሞች ተሰበሩ፤ ጎም በኋላ ወደ ላይብረሪው ዞረ። ለትንሽ ቡድን የላይብረሪው መንገድ ይቀላል፣ ከርነሉን እንደልብ ያስነካል። ሆኖም የሚዩቴክስ (የተራ መቆለፊያ) እና የጀምፕ በፈር (የመመለሻ ቦታ ማስቀመጫ) መጠን በየፕሮግራሙ ውስጥ እንደሚቀረጽ አትርሱ፤ ትርፍ ባይት አሁኑኑ ጨምሩበት።

የሎደሩ ስም

አጭር ነገር ነው። ፋይሉ እያለ «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» ከተባላችሁ የጠፋው ባይነሪው ውስጥ በአድራሻ የተጻፈው ሎደር (ፕሮግራሙን ከላይብረሪዎቹ ጋር የሚጭነው) ነው። ለአዲሱ ኤቢአይ የራሱን የሎደር ስም ስጡት። በ32 ቢት አርም ላይ ደሲማል ቁጥርን በፍሎት ሬጅስተር የሚያስተላልፈውና የማያስተላልፈው ኤቢአይ አብረው አይሠሩም፤ ለዚህም ነው የተለያየ የሎደር ስም የያዙት።

ይህን ሁሉ ለመፈተሽ የእያንዳንዱን ስትራክት መጠንና የየአባሉን ቦታ በስታቲክ አሰርት ጻፉ፤ ሲዛባ ኮምፓይሉ ራሱ ይቆማል። ከዚያ ግማሹን ፋይል በጂሲሲ ኮምፓይለር፣ ግማሹን በክላንግ ኮምፓይለር ሠርታችሁ አንድ ላይ ሊንክ አድርጉ። አዳማ ላይ መብራት በሚጠፋበት ሰዓት ሙሉውን ሲስተም እንደገና ከመገንባት ይህ ፈተና በጣም ያጥራል።