ምጣድ ስትሰሩ ሴፍቲውን ከስዕሉ ጀምሩት

አዳማ ላይ የኤሌክትሪክ ምጣድ ለምትገጣጥሙ ልጆች ነው ይሄ፣ ሴፍቲ ቀለም ከተቀባ በኋላ የሚለጠፍ ስቲከር አይደለም። መጀመሪያ ሂሳቡን ስሩ፣ ምጣዱ 3500 ዋት ከሆነ ለ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፒር ገደማ ይመጣል፣ ቀጭን ገመድ ከገዛችሁ ይግላል ፕላስቲኩም ይቀልጣል፣ እኔ ባለ 4 ካሬ ሚሊሜትር ነው የምጠቀመው (ውድ ነው አውቃለሁ)። ከዛ ኧርዙን (ያመለጠ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስደውን ገመድ) ከቆርቆሮው ጋር በብሎን እሰሩት፣ ቀለሙን ፍቃችሁ ግን፣ ቀለም ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። እኔ የመጀመሪያውን ስሰራ ይሄን ረስቼ እናቴ በእርጥብ እጇ ስትነካው ነዘራት፣ እስካሁን ታነሳብኛለች። ገመዱ የሚገባበት ቀዳዳ ላይ ጎማ አድርጉበት፣ የቆርቆሮው ጠርዝ ይቆርጠዋል። ከመሸጣችሁ በፊት ደግሞ እግሩን ነቅነቅ አድርጋችሁ እዩት፣ ቤት ውስጥ ህጻን ይደገፍበታል።