የፍል ውሃን ታሪክ መጻፍ ለምትፈልጉ

ጎንደር ላይ ቁርጥማት ይዞኛል ያለ ሰው ምክር አያጣም። «ዋንዛዬ ግባና ሞክረው» ይሉታል። ከወረታ ወዲያ፣ ጉማራ ወንዝ ዳር ያለውን ፍል ውሃ ነው። ስሙ በማን ዘመን ወጣ፣ ማንስ አስወራለት ብላችሁ ስትጠይቁ ግን ሁሉም እንደየአፉ ነው። የዚህ ዓይነት ውሃ ታሪክ መጻፍ ካማራችሁ፣ እኔ ተሳስቼ የተማርኩትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ጠበልና ፍል ውሃ አታደባልቁ። ጠበል ታሪኩ ከደብሩ ጋር ነው፣ ካህናቱን ጠይቁ። ፍል ውሃ ግን ባለታሪኩ ብዙ ነው፤ ጎጆ አከራዩ፣ ጠላ ሻጯ፣ በሽተኛ ያመላለሰው ሹፌር ሳይቀር። ዝናውን ያስፋፉት ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው። ምን ያድርጉ፣ እንጀራቸው ነው።

ቀጥሎ ውሃውን እዩት፣ አሽትቱት። ድንጋዩ ዝገት የመሰለ ቀይ ከለበሰ ብረት አለበት ማለት ነው። የገማ እንቁላል ከሸተተ ድኝ ነው። እንደ አምቦ ውሃ ከተንፈቀፈቀ ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድ። ይኼን ጻፉት፤ የሚሸትና የሚያቃጥል ነገር መድኃኒት ሳይመስለን ቀርቶ አያውቅም። ሙቀቱ መገጣጠሚያ ማፍታታቱ እርግጥ ውሸት አይደለም። ላቦራቶሪ የሚመረምርላችሁ ካገኛችሁ በንጹህ ሃይላንድ እስከ አፉ ሞልታችሁ ክደኑት፣ አለዚያ ጋዙ ያመልጣል። ሳይመረመር ግን እንዳትጠጡት፤ አንዳንድ ፍል ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል።

አሁን ወደ ሽማግሌዎቹ። «በስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» ብላችሁ አትጀምሩ። እኔ አንዲት እናት እንዲያ ስላቸው ዝም አሉኝ። «እማማ፣ ስንቅ ምን ይዛችሁ ነበር?» ስላቸው ግን ወሬው ፈሰሰ፤ በሶው፣ በቅሎዋ፣ ሁለት ሱባኤ ገብተው በሦስተኛው ቀን ቆዳቸው እንደተላጠ፣ አንድ በአንድ። «መቼ ነበር?» አልኳቸው በመጨረሻ። «ጣሊያን በወጣ በዓመቱ፣ እኔ ገና ልጅ ሆኜ።»

እዚህ ላይ ነው ጉድ የሆንኩት። 1934 ብዬ ጻፍኩ። ጣሊያን አዲስ አበባን የለቀቀው በ1933 ነዋ! ጎንደር ግን የመጨረሻው ምሽጉ ነበረች፣ እጁን የሰጠው ኅዳር 1934 ነው። ስለዚህ የእማማ ዘመን 1935 ገደማ ይሆናል። የፈረንጅ ጽሑፍ ስታዩም እንዲሁ ነው፤ ከጃንዋሪ መጀመሪያ እስከ እንቁጣጣሽ ዋዜማ ከሆነ 8 ቀንሱ፣ ከእንቁጣጣሽ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ከሆነ 7። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ ንጉሡን ቀዳማዊ ኢያሱን ሊያክም ጎንደር የደረሰው በ1699 ክረምት ነው ይላሉ፣ በእኛ 1691 መሆኑ ነው። ሁለቱንም ቁጥር ጎን ለጎን ጻፉ፣ በኋላ ራሳችሁን ታመሰግናላችሁ።

የመጨረሻው ነገር፣ ምንጩ ዳር የምታገኙት የዳነውን ነው። በዘንቢል እንቁላል ይዞ ሊያመሰግን የሚመጣው እሱ ነው። ያልዳነው ዝም ብሎ አገሩ ይገባል፣ ማንም አይጠይቀውም። ስለዚህ ሱባኤው ሲያልቅ መኪና መጠበቂያው ጋ ሂዱና ጓዙን አስሮ የተቀመጠውን ሰው ሻይ ጋብዙት።