ጠረጴዛ ስር የተጠላለፈ ገመድ
መጀመሪያ ሁሉንም አጥፍተው ከሶኬት ይንቀሉ። እንደተሰካ መፍታት ስፒናውን ያላላል። በእያንዳንዱ ገመድ ሁለቱም ጫፍ ላይ የወረቀት ፕላስተር ለጥፈው «ሞኒተር»፣ «ራውተር» ብለው ይጻፉ፤ አንዱ ጫፍ ላይ ብቻ ከሆነ ዲቫይደሩ ጋ ሲደርሱ መለየት አይቻልም። ዲቫይደሩን ከጠረጴዛው ሥር በብሎን ይስቀሉት፤ ወለል ላይ ከተተወ ቤት ሲወለወል ውሃ ያገኘዋል።

ትርፉን ገመድ በሰፊው አጥፈው፣ እንደ ልጆች ጫማ ማሰሪያ ተጣብቆ በሚላቀቅ ጨርቅ (ቬልክሮ) በየ30 ሴንቲ ሜትሩ ላላ አድርገው ይሰሩ። የፕላስቲክ ማሰሪያ አጥብቀው ከሳቡት የገመዱን ሽፋን ይጎዳል፤ በኋላም ለመፍታት ማሰሪያውን መቁረጥ ግድ ነው። ስፒናው አጠገብ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ሳይወጠር ይተዉ፤ ቻርጀር ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው እዚያው አንገቱ ላይ ነው። ምድጃና ካውያ ግን በዚህ ዲቫይደር ፈጽሞ አይሰኩ፣ ገመዱ ይግላል።