ለአማርኛ ብሎግ ቲም ስትመርጡ ዴሞውን ትታችሁ የራሳችሁን ጽሁፍ እዩበት

በሁጎም ይሁን በጄኪል (ጽሁፋችሁን ወደ ድረ ገጽ የሚቀይሩ ፕሮግራሞች ናቸው) የራሳችሁን ብሎግ ልትሰሩ አስባችሁ ቲም፣ ማለት ለብሎጉ መልክ የሚሰጥ ዝግጁ ዲዛይን፣ ፍለጋ ከገባችሁ መጀመሪያ የምታዩት የቲሙን ማሳያ ገጽ፣ ዴሞውን ነው፣ ዴሞ ደሞ ሁሌም ያምራል፣ ትልቅ ፎቶ አለው፣ አጭር የእንግሊዝኛ ርእስ አለው፣ ፎንቱም ለላቲን ፊደል ታስቦ የተመረጠ ነው። የናንተ ጽሁፍ ግን አማርኛ ነው። ስለዚ ቲም ከማውረዳችሁ በፊት ሁለት ሶስት የአማርኛ ጽሁፍ አዘጋጁ፣ አንዱ ረዘም ያለ፣ አንዱ ርእሱ የረዘመ፣ አንዱ ደሞ ጥቅስና ዝርዝር ያለበት ይሁን፣ ከዛ ያማራችሁን ቲም ሁሉ በነሱ ሞክሩት።

ማን የት ሆኖ እንደሚያነበውም አስቡ። እኔ ያለሁት አዲስ አበባ ቱሉ ዲምቱ ነው፣ እዚ ሰፈር ሰው ብሎግ የሚያነበው ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ፣ ፀሀይ ስክሪኑ ላይ እያረፈ፣ በገዛት ሜጋባይት ነው። ነጭ ላይ ሳሳ ያለ ግራጫ ጽሁፍ የሚያደርጉ ቲሞች ቤት ውስጥ ሲታዩ ዘመናዊ ይመስላሉ ውጪ ግን አይነበቡም። የጽሁፉና የጀርባው ኮንትራስት (የድምቀት ልዩነት) ቢያንስ 4.5 ለ 1 መሆን አለበት፣ ክሮም ላይ ኢንስፔክት ብላችሁ ቀለሙን ስትነኩ ቁጥሩን ያሳያችኋል።

አሁን ዋናው ነገር ፎንት ነው። ብዙ ቲም ከጎግል ፎንትስ የላቲን ፎንት ይጭናል፣ እሱ ውስጥ ፊደላችን ስለሌለ ብሮውዘሩ ስልኩ ላይ ያገኘውን የግእዝ ፎንት ይተካል፣ ማለት አንባቢው ለማያየው ፎንት ዳታ ይከፍላል። የቲሙን ፎንት አውጡትና አንድሮይድ ላይ አብሮ የሚመጣውን ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን፣ ማክ ላይ ደሞ ኬፋን ሲኤስኤሱ (የገጹን መልክ የሚወስነው ፋይል) ውስጥ በስም ጥሩ። የግድ የራሴን ልጫን ካላችሁ ዎፍ 2 (የተጨመቀ የዌብ ፎንት) ፋይል ይሁን፣ መደበኛውና ቦልዱ ብቻ ይበቃል፣ ምክንያቱም የግእዝ ፎንት ከ300 በላይ ቅርጽ ስላለው ፋይሉ ከላቲኑ ይከብዳል። ቦልዱን ካላካተታችሁ ብሮውዘሩ ራሱ ያወፍረዋል፣ ያኔ ጨና ጩ ውስጣቸው ይደፈንና አይለዩም። ኢታሊክንም አጥፉት፣ ግእዝ ፊደል ተጋድሞ አይጻፍም፣ ጥቅስን ሁሉ ኢታሊክ የሚያደርጉ ቲሞች አሉ፣ እሱን በጎን መስመር ቀይሩት። የመስመር ክፍተቱ 1.5 ከሆነ ወደ 1.7 ወይ 1.8 ከፍ አድርጉት፣ ፊደሎቻችን ቁመታቸው ተቀራራቢ ስለሆነ መስመሮቹ ሲጠጉ ገጹ ይታፈናል። ይቺን ብቻ ብታስተካክሉ እንኳን ልዩነቱን ወዲያው ነው የምታዩት።

ርእሱን የግድ ስልክ ላይ እዩት፣ "እስካልተገናኘን" አይነት ቃል በትልቅ ፎንት ሲመጣ ከስክሪኑ ይወጣል። ላፕቶፑን ከስልካችሁ ሆትስፖት ጋር አገናኙና ሁጎ ሰርቨርን (ብሎጉን ላፕቶፑ ላይ የሚያሳየውን ትእዛዝ) ስታስነሱ ባይንድ (--bind) የሚለውን 0.0.0.0፣ ቤዝ ዩአርኤሉን (--baseURL) ደሞ የላፕቶፑ አይፒ፣ ማለት የኔትዎርክ አድራሻው፣ አድርጉት (ካልሆነ ሲኤስኤሱ ስልኩ ላይ ላይመጣ ይችላል)፣ ከዛ ስልኩ ላይ አይፒውን ከ1313 ፖርት ጋር ጻፉ። ሁለቱ እርስ በርስ ስለሚነጋገሩ ገጹን ለማየት ዳታ አይቆርጥም።

የገጹን ክብደት ክሮም ኢንስፔክት ውስጥ ኔትዎርክ ታብ ላይ ታዩታላችሁ። ፎቶ የሌለው ገጽ ከ1 ሜጋባይት ካለፈ እኔ ያን ቲም አልወስድም። ቀለል ያለ ከፈለጋችሁ ለሁጎ ቤር ብሎግ አለ፣ ጃቫስክሪፕት የለውም፣ ፔፐርሞድ ደሞ ዳርክ ሞድና ሰርች አለው፣ ለጄኪል ሚኒማ ለመጀመሪያ ይበቃል።

ቲሙ ራሱ የሚጽፋቸው ቃላትም አሉ፣ ቀጣይ፣ ቀዳሚ ምናምን የሚሉት። ሁጎ ላይ አይ 18 ኤን (i18n) የሚል፣ የነዚህ ቃላት ትርጉም የሚቀመጥበት ፎልደር ያለው ቲም ምረጡ፣ አማርኛ ከሌለው የእንግሊዝኛውን ፋይል ወደ ራሳችሁ ፎልደር ኮፒ አድርጋችሁ በአማርኛ የቋንቋ ኮድ (am) ሴቭ አድርጉና ተርጉሙት። ፎልደሩ ከሌለ ቃላቱ ቴምፕሌቱ (ገጹ የሚሰራበት የቲሙ ፋይል) ውስጥ ተቀብረዋል ማለት ነው፣ እያንዳንዱን ፋይል እየከፈታችሁ ልትለቅሙ ነው። ቀኑም ያው የፈረንጅ ነው፣ ለዛ እኔ ጽሁፉ አናት ላይ የራሴን ቀን በኛ አቆጣጠር ጽፌ ቴምፕሌቱ እሱን እንዲያወጣ ነው ያደረኩት። ይሄን ስታደርጉ የቲሙን ፋይል ራሱን አትንኩ፣ ወደ ራሳችሁ ሌይአውትስ (layouts) ፎልደር ኮፒ አድርጋችሁ እዛ ቀይሩት፣ ሁጎ የናንተን ያስቀድማል፣ ቲሙ አፕዴት ሲሆንም ስራችሁ አይጠፋም።

የቲሙ ኮድ በሚቀመጥበት ጊትሀብ ላይ የመጨረሻው ለውጥ መቼ እንደገባ እዩ፣ ሁጎ 2025 ላይ በ0.146 ቨርዥኑ የቴምፕሌት አሰራሩን ስለቀየረ ለአመታት ያልተነካ ቲም አዲሱ ላይ ሊሰበር ይችላል። ላይሰንሱንም አንብቡ።

በመጨረሻ ቴሌግራም፣ ምክንያቱም ሊንካችሁ የሚዞረው እዛ ነው። ቲሙ ኦፕን ግራፍ (ሊንክ ሲላክ ርእስና ፎቶ የሚያሳይ ኮድ) ከሌለው ሊንኩ ያለ ርእስና ያለ ፎቶ ባዶውን ሊሄድ ይችላል። የጽሁፉን ሊንክ አድራሻ በላቲን ፊደል አሳጥሩት፣ አማርኛ ከሆነ ኮፒ ሲደረግ አንዱ ፊደል 9 ምልክት እየሆነ ይንዛዛል። ፐብሊሽ እንዳደረጋችሁ ለራሳችሁ ሴቭድ መሴጅስ ላይ ላኩትና እዩት፣ አስተካክላችሁም የድሮው ከመጣ ሊንኩን ዌብፔጅቦት ለሚባለው ቦት ላኩለት፣ አዲሱን ያነሳዋል።